ጎግል ለቦንጋ ልጅ ዋስ ይሆናል ወይ?

ድሮ የደላላው ወሬ «ቋንቋውን እዚያው ትለምጂዋለሽ» ነበር። ዛሬ ተሻሽሏል። «ስልክሽ ይተረጉምልሻል» ሆኗል አሉ! ስልጣኔ ማለት ይኼ ነው እንግዲህ።

ከቦንጋ፣ ከዴቻ፣ ከጨና ተነስታ በኮንትራት ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ የምትፈርምበት ወረቀት ብዙ ጊዜ ባንድ ጎኑ እንግሊዝኛ፣ በሌላው ዓረብኛ ነው። እንግሊዝኛውን ተማሪ ቤት ስለተማረች ታውቀዋለች ተብሎ ይታሰባል። ዓረብኛውን ደግሞ ስልኳ ያነብላታል ተብሎ ይታሰባል። መታሰቡስ ጥሩ ነበር።

መሣሪያውን ለመናቅ አይደለም። ጎግል አማርኛን የጨመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ኦሮምኛና ትግርኛ በ2014 ገቡ። በ2016 ዓ.ም. ባንድ ጊዜ 110 ቋንቋዎች ሲጨምር አፋርኛም ተካተተ። ካፊኖኖ ግን ከነዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ በካፊኖኖ የምታስብ ልጅ ነገሯን መጀመሪያ ራሷ ወደ አማርኛ ታመጣዋለች። ማሽኑ አማርኛውን ተቀብሎ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል አሻግሮ ዓረብኛ ያደርገዋል። ውሃ ከእንስራ ወደ እንስራ ሲገለበጥ መንገድ ላይ ስንቱ ይፈሳል?

የሚፈሰውን እንይ። «አንቺ»፣ «አንተ»፣ «እርስዎ» እንግሊዝኛ ላይ ሲደርሱ ሦስቱም «ዩ» ናቸው። ዓረብኛ ደግሞ እንደ አማርኛችን ወንድና ሴት ይለያል። ልጅቷ «አሞኛል» ብላ ብትጽፍ ማሽኑ ብዙ ጊዜ «አና መሪድ» ይላታል፤ የወንድ አነጋገር ነው። ሴት «መሪዳ» ነበር የምትለው። ይኼስ ግድ የለም፣ ማዳም ስቃ ትረዳዋለች። ግን «ካውያ»ን ተመልከቱ። የኛ ካውያና የዓረቦቹ «ሚክዋ» ዘመዳሞች ናቸው። በቀጥታ ቢገናኙ ይተዋወቁ ነበር። በእንግሊዝኛ በኩል ሲዞሩ ግን «አይረን» ይሆናል። አይረን ደግሞ ብረትም ነው፣ ካውያም ነው። ብቻውን የተጻፈ ቃል ከሆነ ማሽኑ «ሐዲድ» ብሎ ቢያወጣው አይፈረድበትም። እኛ የባቡር ሐዲድ የምንለው መሆኑ ነው! የካውያው አቅራቢያ መንገድ እያለ በለንደን ዞሮ መጣ።

ማሽኑ የሚያውቀው ዓረብኛ ደግሞ በአብዛኛው የመጽሐፍና የዜና ዓረብኛ ነው። «እፈልጋለሁ» ለማለት «ኡሪድ» ያስተምራታል። ቤይሩት ያለችው ማዳም «ቢዲ» ነው የምትለው። ሪያድ ያለችው «አብጋ» ትላለች። እናም ልጅቷ ስትጽፍ ማዳም ትረዳታለች፤ ማዳም ስትጮህባት ግን ስልኩ ግራ ይጋባል። ትዕዛዙ ደግሞ የሚመጣው በጩኸት በኩል ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ቁጥሩ ነው። ዓረቦቹ በራሳቸው አኃዝ ሲጽፉ አምስታቸው የኛን ዜሮ ይመስላል፤ ዜሯቸው አንዲት ነጥብ ብቻ ናት። በዚህ አኃዝ የተጻፈ ወረቀት ማታ በመብራት በደበዘዘ ካሜራ ሲነሳ አንዲት ነጥብ ብትጠፋ ሺው መቶ ሆነ ማለት ነው። ጠብ ሲመጣ ደግሞ የባሕረ ሰላጤው ፍርድ ቤት የሚያነበው ዓረብኛውን እንጂ የስልኩን ትርጉም አይደለም። የጎግል ባለቤቶች ራሳቸው ለትርጉሙ ትክክለኛነት ዋስትና እንደማይሰጡ ጽፈው አስቀምጠዋል። እነሱ ያልገቡትን ዋስትና ደላላ ይገባልናል!

ይኼ ሁሉ የሚሆነው ስልኩ እጇ ላይ እስካለ ድረስ ነው። ስልክና ፓስፖርት የሚቀሙ አሰሪዎች እንዳሉ ከስደት ተመላሾች ስንት ጊዜ ሰማን? የቤቱን ኢንተርኔት ፓስወርድ መከልከልም ይበቃል። አስተርጓሚዋ በማዳም መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈባት ማለት ነው።

የሚያናድደኝ ማሽኑ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና አላቸው ይላል። በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው የችሎቱን ቋንቋ ካላወቀ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመደብለታል። መልካም። በበግ ስርቆት የተከሰሰ የጊምቦ ሰው አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው፤ ምንም ሳትሰርቅ ለሁለት ዓመት ጉልበቷን የምትፈርም የጊምቦ ልጅ ግን «ስልክሽን ጠይቂ» ትባላለች። አዋጅ ቁጥር 923/2008 የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃታል። ልብስ መተኮስ መቻሏ ይረጋገጣል። የፈረመችውን መረዳቷን የሚያረጋግጠው ማን ነው?

የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወጪ በዛብኝ እንዳይለን፣ ነገሩ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ልጆች በትምህርት ቤት ይማሩበታል። ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ክልል መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። ኮንትራቱ አንድ ጊዜ በሰው እጅ ወደ ካፊኖኖ ይመለስ። ከፊርማ በፊት ጮክ ብሎ ይነበብላት፤ ያነበበውም ሰው ስሙን ጽፎ ከሥር ይፈርም። ደመወዙ፣ የዕረፍት ቀኑና የኤምባሲው ስልክ ቁጥር በአማርኛና በዓረብኛ በወረቀት ተጽፎ ይሰጣት። በስልክ ሳይሆን በወረቀት፤ ቀሚሷ ውስጥ ሰፍታ የምትይዘው።