እሺ ብሎ የማይታዘዝ ሎሌ

«አይሆንም» የሚል ሎሌና «እሺ» ብሎ የታዘዘውን የማይፈጽም ሎሌ ቢቀርቡልን የትኛውን እንመርጣለን? የመጀመሪያው ያናድዳል፤ ሁለተኛው ግን ቤት ያፈርሳል። የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ይህን ልዩነት የዘነጉት ይመስላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፋይል ውስጥ የመስመር መጨረሻ የሚታወቀው በማይታይ ምልክት ነው። በቴሌታይፕ መኪና ላይ ወደ መስመሩ መነሻ የሚመልሰው ምልክት ቁጥሩ 13፥ ወረቀቱን ወደ ላይ የሚገፋው ደግሞ 10 ነበረ። ዊንዶውስ ሁለቱንም ወረሰ፤ ሊኑክስ ግን በ10 ብቻ ይሠራል።

በቅርቡ አንዲት ጓደኛችን ለቡድናችን ሥራ አጭር ስክሪፕት በዊንዶውስ ላይ ጻፈች። ስታስቀምጥም በጽሑፍ ማረሚያው ትእዛዝ ላይ «በሊኑክስ ዐይነት ይሁን» የሚለውን ምርጫ ጨመረች። ትእዛዙ ምርጫውን ተቀበለ፤ ስሕተት ነው አላለም፤ ነገር ግን ፋይሉን በቀድሞው ዐይነት አስቀመጠው።

ሊኑክስ ላይ ስናስነሣው «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» የሚል መልስ መጣ። በመጀመሪያው መስመር ከተጻፈው የአስፈጻሚ ፕሮግራም ስም ጫፍ ላይ ያ የማይታይ 13 ስለ ተለጠፈ፥ መኪናው የሌለ ስም ሲፈልግ ነበር። ለዐይን ግን ጽሑፉ እንከን አልነበረውም። እኛም «ምርጫውን ረስተሽ ነው» ብለን ወቀስናት። እርሷ «አልረሳሁም» ብትል ማን ይመናት! በመጨረሻ «ፋይል» በሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ብንመረምረው እውነቱ ወጣ። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ፕሮግራሙ ራሱ ዐይነቱን ገምቶ ካወቀ ምን ቸገረ?» ይላሉ። ባለቤቱ ዝም ባለ ጊዜ መገመት መልካም ነው። ባለቤቱ ከተናገረ በኋላ መገመት ግን ድፍረት ነው። የማይፈጸም ምርጫ ከመጀመሪያውም ባይኖር ይሻል ነበር፤ ሰው የሌለውን ነገር አይተማመንበትምና።

ስለዚህ በዚህ ግቢ ፕሮግራም የምንጽፍ ሁሉ አንድ ደንብ እንያዝ፤ የማንፈጽመውን ምርጫ «አልችልም» ብለን በግልጽ እንመልስ። መምህሮቻችንም ማርክ ሲሰጡ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን፥ የማይችለውን ሲታዘዝ ምን እንደሚል ጭምር ይመርምሩ።

ጓደኛችንን ግን የወቀስናት በሰው ፊት ነውና፥ ይቅርታውንም በዚህ ገጽ በሰው ፊት እንጠይቃታለን።