ለሸመገለ ነጋዴ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ምሳሌ ለወጣት ብቻ የተነገረ መስሎ ሲታሰብ ኖሯል። ዛሬ ግን ከጠመጠመ ብዙ ዘመን ያለፈውንም ሰው እንደ ገና ተማሪ የሚያደርግ ጊዜ መጥቷል።

ይህን ነጋዴው ሕዝብ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ሲሠራ የኖረ ባለሱቅ በ2013 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1243 የተሻሻለውን ሕግ መረዳት ግድ ሆኖበታል። በዚያው ዓመት ቴሌብር ተጀምሮ፣ ዋጋን በስልክ መቀበል የገበያ ልማድ ሆነ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ የአስመጪውና የላኪው ሒሳብ ተለወጠ። ይህን የሚያስረዳው ያላገኘ ሽማግሌ የስልኩን የምስጢር ቁጥር ለልጁ ወይም ለሠራተኛው ይሰጣል፤ ያልተረዳውንም ውል ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ በገዛ ሱቁ እንግዳ ይሆናል።

በሌላው ዓለም ለዚህ ችግር መላ ከተፈለገለት ቆይቷል። በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1973 ለሸመገሉ ሰዎች የሚሆን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተከፍቶ፣ ሐሳቡ ወደ አያሌ አገሮች ተዛምቷል። በእንግሊዝ አገር በተያዘው ፈሊጥ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው መምህርም ተማሪም ናቸው፤ ፈተናም ሆነ ዲፕሎማ አይጠየቁም።

ዐዋቂን ማስተማር ለኢትዮጵያም እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ የብርሃንህ ዛሬ ነው ትምህርት ቤት ቀን ሲሠሩ የሚውሉትን ማታ ሲያስተምር ኖሯል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች እየተሰጠ፣ እናቶችና አባቶች ከልጆቻቸው እኩዮች ፊደል ቆጥረዋል። ዛሬ የሚፈለገው ከፊደል አልፎ ወደ ሕግና ወደ ሒሳብ የሚያደርስ ትምህርት ነው።

ሐዋሳ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። በ1969 ዓ.ም. በእርሻ ኮሌጅ የተጀመረው ከፍተኛ ትምህርት አድጎ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የሕግም የንግድ ሥራም መምህራን አሉት። የከፍተኛ ትምህርት ዐዋጅ ቁጥር 1152/2011ም ከማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎትን የዩኒቨርሲቲዎች ተግባር አድርጎታል። የሚቀረው ቦታው ነው። የሸመገለ ሰው ከልጅ ልጁ እኩያ ጋር በአንድ ወንበር መቀመጥ ያፍራል፤ ባህል አዳራሽ ግን አገር የሚሰበሰብበት ቤት ስለ ሆነ፣ ሽማግሌም ሆነ ባልቴት በክብር ይገባበታል። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ በሲዳሙ አፎና በአማርኛ ስለ ንግድ ሕግ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ባንክና በስልክ ስለሚደረግ ክፍያ ቢነገር፣ አዳራሹ ለተሠራበት ጉዳይ የሚበቃ ሥራ ይሆናል።

«ገንዘቡ ለወጣቱ ቢውል አይሻልምን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ካፒታሉም ሆነ በገበያ የተገኘው እምነት አብዛኛውን ጊዜ በሸመገለው እጅ ነው፤ እሱ ሲሳሳት ከሥራ የሚወጣው ወጣቱ ነው። ደግሞም ሽማግሌው ተቀባይ ብቻ አይደለም። በሲዳማ የፍቼ ጫምባላላን ዕለት ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው የሚወስኑት አያንቶዎች ሽማግሎች ናቸው፤ ዩኔስኮም በዓሉን በ2008 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እንዲሁም ቡናን በዐይንና በአፍንጫ የሚለይ፣ የደንበኛን ቃል የሚመዝን አሮጌ ነጋዴ ለመምህራኑም የሚያስተምረው አለው፤ ሳይጠየቅ ካለፈ ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል።

ወጪው የአዳራሽ ኪራይና የመምህራን አበል ነው፤ ነጋዴዎች ቢያዋጡ አይከብዳቸውም። ስለዚህ የንግድ ምክር ቤቱና ዩኒቨርሲቲው በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ቢነጋገሩበት ተገቢ ነው። ሱቁን ለልጁ የሚያስረክብ አባት ቁልፉን አውቆ ሊሰጥ ይገባዋል እንጂ፣ ባለማወቅ ሊነጠቅ አይገባውም።