አራስ ጥየቃ ወይስ ከበባ?

በየዓመቱ ከጁላይ እስከ ኦክቶበር፣ ከአንታርክቲካ የሚመጡ ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች በቶንጋ ሙቅ ባሕር ይዳራሉ፤ ይወልዳሉ። በቫቫኡ ደሴቶች ዙሪያ ገንዘብ የከፈለ ሰው ከጀልባ ላይ ማየት ብቻ ሳይሆን፣ ውኃው ውስጥ ገብቶ አጠገባቸው መዋኘትም ይችላል። ይህን በሕግ የሚፈቅዱ አገሮች ጥቂት ናቸው። ሻጮቹ ተፈጥሮን ያከበረ ጉብኝት ነው ይላሉ። ተፈጥሮ መከበሯን የመሰከረ ማን ነው?

እናቲቱ ዓሣ ነባሪ እዚህ ባሕር ውስጥ የምትበላው የላትም ማለት ይቻላል። በደቡቡ ቀዝቃዛ ባሕር ያጠራቀመችውን ስብ እያቀለጠች፣ ሲወለድ አራት ሜትር ገደማ የሚሆነውን ግልገል ታጠባለች፤ ከዚያም በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጣ ይዛው ትመለሳለች። ታዲያ ጀልባ በመጣ ቁጥር የምትሸሽበትን ጉልበት ከየት ታምጣ? እኛ አራስ ስንጠይቅ አጥሚት ወይም ገንፎ ይዘን ነው። ይህ ጠያቂ ምን ይዞ ሄደ?

ሕግ አለ ይባል ይሆናል። አለ፤ በአንድ ጊዜ ከአራት ዋናተኞችና ከአንድ አስጎብኚ በላይ ውኃ ውስጥ አይገባም። አራቱ ወጥተው ሌሎች አራት ሲተኩ ቁጥሩ አልተጣሰም። ለእናቲቱ ግን ምን ተለወጠላት? እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የቫቫኡ ጥናት፣ ጀልባና ዋናተኛ ሲቀርቧቸው እናቶችና ግልገሎቻቸው በመጥለቅ የሚያሳልፉት ጊዜ እንደሚጨምር አሳይቷል። ጎብኚዎች በሚያነሱት ፎቶ ላይ ወደ ካሜራው ዞራ የምትታየው እናት ሰው ወዳ ነው ወይስ ልጇን እየከለለች?

የቶንጋ ሰዎች የሚመልሱት ቀላል አይደለም። ንጉሥ ታውፋአሃው ቱፖው አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓሣ ነባሪ አደንን ሲከለክሉ፣ ከሥጋው የሚተዳደር ቤተሰብ ነበር። ዛሬ በሕይወት ያለው ዓሣ ነባሪ ለደሴቶቹ እንጀራ ሆኗል። ይህን ማን ይነቅፋል? ግን ከጦር ያመለጠ ሁሉ ዕዳ አለበት? እንጀራው የሚገኘውስ የግድ ከምታጠባ እናት ጎን ነው? ብቻቸውን የሚዘምሩ ወንድ ዓሣ ነባሪዎች አሉ፤ ከሩቅ ሆኖ ማየትም አለ።

እናትና ግልገል ካሉበት ውኃ ዋናተኛ ጨርሶ አይግባ ቢባል ሥራው አይዘጋም። የሚፈተነው ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ የተገኘችው አንዲት እናት ብቻ ብትሆን፣ ካፒቴኑ ጀልባውን ያዞራል? ደንበኛውስ ሳይዋኝ ተመልሶ፣ ገንዘቤን መልሱልኝ ሳይል ይቀራል?