«ጥላሁን ስንት ቪው ነበረው?»

ባለፈው ወር አንድ እሑድ፣ ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ሳለ፣ የልጅ ልጄ ከስልኳ ላይ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ ጥላሁን ገሠሠ ግን ስንት ቪው ነበረው?»

ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ጥያቄውም ከመሬት ተነስቶ የመጣ አልነበረም። አንድ አዲስ ክሊፕ በሦስት ቀን ሚሊዮን መሙላቱን ስታበስረኝ፣ እኔ እንደ ዕድሜ እኩዮቼ ሁሉ «ዘፈንማ ድሮ ቀረ፤ ጥላሁን ነበር እንጂ!» ብያት ነበር። እሷ ደግሞ እንደ ጥሩ ዳኛ ማስረጃ ጠየቀች። ባለቤቴ ጀበናው ከእጇ ሊያመልጥ እስኪደርስ ሳቀች። እኔ «ያኔ ዩቲዩብ የሚባል ነገር አልነበረም» ብዬ ለማምለጥ ሞከርኩ።

«ታዲያ ሰው እንደሚወደው በምን ታወቀ?»

መልስ አጣሁ። ሦስተኛውን ቡና ዝም ብዬ ጠጣሁ። ጥያቄው ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ከረመ።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም። ኖታ ማንበብ ቀርቶ ሠርግ ላይ ሲጨበጨብ እንኳ ከሰው ዘግይቼ ነው የምደርሰው። በገዛ ሠርጌ ቀን እስክስታ ስመታ ሙሽራዬ ጠጋ ብላ «ትከሻህን ያምሃል እንዴ?» ብላኛለች። ይሁን እንጂ ከአርባ ዓመት በላይ ካሴት ስገዛ፣ ሲዲ ስገዛ፣ ፍላሽ ሳስጭን የኖርኩ ደንበኛ ነኝ። (ፍላሽ ስላስጫንኩበት ዘመን ባለመብቶቹ ይቅር ይበሉኝ።) ደንበኛ ደግሞ የማጉረምረም መብት አለው።

የመጀመሪያው ማጉረምረሚያዬ ስለ ማዕረግ ነው። መገናኛ ብዙኃን ለዘፋኝ የሚሰጡት ማዕረግ እንደ ጦር ሠራዊት በደረጃ ነው። ሲጀምር «ወጣቱ ድምፃዊ» ይባላል፤ አርባ ዓመት እስኪያልፈውም ወጣት ነው። ሁለተኛ አልበም ሲያወጣ «ተወዳጁ» ይሆናል። ፀጉሩ ሲሸብት ወይም ሲሸሽ «አንጋፋው» ይባላል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ካስታወሰው «የክብር ዶክተር» ይታከልበታል። ከዚያ በላይ ያለው «የማይተካው» የሚባል ማዕረግ ግን የሚሰጠው ለሟች ብቻ ነው። ሰውየው በሕይወት ሳለ ስሙን አንስቶ የማያውቅ ጣቢያ ሁሉ በቀብሩ ዕለት «የማይተካው» ይለዋል። ሊተካ የማይችል ከሆነ በሕይወት እያለ አንዴ ደውሎ «እንዴት ነህ?» ማለት ምን ነበረበት?

ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ነው። ጥያቄውንም መልሱንም በቃሌ ይዤዋለሁ። «ሙዚቃን እንዴት ጀመርክ?» ለሚለው የእኔ ዘመን ዘፋኝ «በቀበሌ ኪነት» ይላል፤ የልጄ ዘመን ዘፋኝ «በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ» ይላል፤ የልጅ ልጄ ዘመን ዘፋኝ «በቲክቶክ» ይላል። ለውጡ ይኼው ነው። ቀጥሎ «የትዳር ሁኔታስ?» ይመጣል። መጨረሻ ላይ «የምታመሰግነው ሰው ካለ?» ይባልና ፈጣሪ፣ ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ የሰፈር ልጅ በየተራ ይመሰገናል። በመካከሉ ስለ ዘፈኑ የሚነሳ ነገር የለም። ዳቦ ጋጋሪን ጠርቶ ስለ ጫማው ጠይቆ እንደ መሸኘት ነው።

ሦስተኛው ስልኬ ላይ የሚመጣው ነው። የዘፋኟ ፎቶ አለ፤ ጉንጯ ላይ እንባ ተስሎበታል፤ ቀይ ቀስት ወደ እንባው ያመለክታል፤ ከላይ «ያልተሰማው ጉድ!» የሚል ጽሑፍ አለ። እንደ ሽማግሌ አልፎ መሄድ ሲገባኝ ከፈትኩት። ሰብስክራይብ እንዳደርግ፣ ደወሏን እንድጫን፣ ለወዳጅ ዘመድ እንዳጋራ ተለመንኩ። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ያገኘሁት ጉድ ዘፋኟ ቤት መቀየሯን ነው። ተናድጄ ዘጋሁት። በማግስቱ ቪዲዮው ብዙ ሺህ ቪው ማግኘቱን ሳይ ግን አንዱ ራሴ መሆኔ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ጋዜጠኞቹን ብቻ አልወቅስም። ምርቱ የሚፈላው ገበያተኛ ስላለ ነው፤ እኔም ገበያው ላይ ታይቻለሁ።

ከዚህ ሁሉ መካከል የምር የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ድሮ ካሴት ስንገዛ ሽፋኑን እንደ መጽሐፍ እናነበው ነበር። በደቃቅ ፊደል ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ይላል። የይልማ ገብረአብን ግጥምና የአበበ መለሠን ዜማ ያወቅነው ከዚያች ወረቀት ነው። ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ቆመን «ይሄ ሮሃ ባንድ ነው» «አይደለም፣ ዋልያስ ነው» እየተባባልን እንከራከር ነበር። የሚከራከረው ደግሞ የሙዚቃ ባለሙያ ሳይሆን ሊስትሮው፣ ተማሪውና ወታደሩ ነው። ዛሬ ልጆቻችን የክሊፑን ቪው፣ የዘፋኙን መኪናና የፀጉሩን ስታይል ያውቃሉ። ዜማውን ማን ሠራው ብትሏቸው የጠየቃችሁት ስለ ገጣሪው የአጎት ልጅ ይመስል ያፈጥጡባችኋል።

ኤልያስ መልካን ላንሳ። የቴዲ አፍሮን «አቡጊዳ» ጨምሮ የአንድ ትውልድ ጆሮ የለመዳቸውን ሥራዎች ያቀናበረ ሰው ነው። ባለሙያው ከሥራው እንዲጠቀም ብሎ ከሙያ አጋሮቹ ጋር «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ የጀመረ ሰው ነው። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ሲያርፍ የሬዲዮው ሁሉ ወሬ እሱ ሆነ። እኔም ለዓመታት ሳንጎራጉራቸው የኖርኳቸው ዘፈኖች ከማን እጅ እንደወጡ በወጉ ያወቅሁት በዚያ ሳምንት ነው። ዘግይቼ በማጨብጨብ የታወቅሁ ብሆንም ያን ያህል መዘግየቴ አሳፈረኝ።

አራተኛውና የመጨረሻው ማጉረምረሚያዬ የፈረንጅ ማኅተም ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ የራሳችንን ሙዚቃ ወርቅ ነው የምንለው ፈረንጅ ካሸተተው በኋላ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን ይዞ የኖረው ስንት ዘመን ነው! ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የድሮ ሸክላዎቻችንን ሰብስቦ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ ሲያሳትም፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2005 የሙላቱ ሙዚቃ «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲገባ፣ እኛ «ለካ እንዲህ ያለ ሰው አለን!» አልን። በ2009 ዓ.ም. የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ ደግሞ እኔ ራሴ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር «ቢልቦርድ ላይ ወጣ!» እያልኩ ስፎክር ሰነበትኩ። ቢልቦርድ ማለት መንገድ ዳር የሚተከለው የማስታወቂያ ሰሌዳ እየመሰለኝ የቱ አደባባይ ላይ እንደተሰቀለ ስፈልግ እንደነበር ለናንተ ብቻ ነው የምነግራችሁ።

ዘ ዊክንድ የሚባለው አቤል ተስፋዬም አለ። ቶሮንቶ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ሲሸለም ዜናችን «ትውልደ ኢትዮጵያዊው» ብሎ ይጀምራል፤ ደስ የማይል ክሊፕ ሲያወጣ «ካናዳዊው» ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካኖቹ የሱፐር ቦውል ዋንጫ ዕረፍት ላይ ሲዘፍን ስንት ሰው እንዳየው፣ ስንት እንደወጣበት፣ ምን እንደለበሰ ሰምተናል። እኔን የገረመኝ ግን ከወሬው ሁሉ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ነገር ናት። ልጁ ያደገው ከእናቱና ከአያቱ ጋር ነው፤ መጀመሪያ የተናገረው ቋንቋም አማርኛ ነው። «ዘ ሂልስ» የተባለው፣ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የወጣው ዘፈኑ መጨረሻ ላይ አማርኛ ይሰማል። አንዲት ኢትዮጵያዊት አያት በቶሮንቶ ብርድ ውስጥ፣ አንድ ሕፃን ጆሮ ላይ ያስቀመጠችው ቋንቋ ነው ከዚያ የወጣው። እኔ አዘጋጅ ብሆን ዋናው ርዕስ እሷ ነበረች። አያት ለሆናችሁ አንባቢያን ይህን በደንብ አስምሬበታለሁ።

እንግዲህ ሰው እንደሚወደው በምን ታወቀ ላለችኝ ልጅ መልሱን ያገኘሁት ይህን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ቡናው ከመቅረቡ በፊት አጠገቤ አስቀመጥኳትና ነገርኳት።

ጥላሁን ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ነው። ወሬው ቤታችን የደረሰው በማግስቱ ነው። እናቴ ያኔ በሕይወት ነበረች። የዶሮ ወጡ ሳህን ገና ከጠረጴዛው አልተነሳም። ሬዲዮው ሲናገር ሰማችና ምንም ሳትናገር ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ጥላሁንን በአካል አይታው አታውቅም፤ ዘመዷም አይደለም። «ምነው እማዬ፣ በበዓል?» ብላት «ስንቱን ቀን አብሮኝ ያዋለ ሰው ነው» አለችኝ። ውጭ ስወጣ ነጠላ ያዘቀዘቀችው እሷ ብቻ አልነበረችም።

«በዚህ ነው የታወቀው» አልኳት። የልጅ ልጄ ዝም አለች። ከዚያ «ቅድመ አያቴ ድምጿ ምን ይመስል ነበር?» አለችኝ።

እናቴ ያረፈችው ልጅቷ ከመወለዷ በፊት ነው። ፎቶ አለን፤ ቪዲዮ የለንም። እዚህ ላይ ግን አንድ ካሴት ትዝ አለኝ።

በ1970ዎቹ ሬዲዮና ቴፕ አንድ ላይ የሆነ ዕቃ ቤታችን አልነበረም። የአድማጮች ምርጫ ሲጀምር የተዋስነውን ቴፕ ራዲዮኑ ፊት አስቀምጠን፣ ቤቱን ሁሉ ዝም አሰኝተን እንቀዳ ነበር። አንድ ቀን የጥላሁንን ዘፈን እየቀዳሁ፣ ልክ ሊያልቅ ሲል፣ እናቴ ከማጀት ጮኸች። «ኧረ ልጆች! ሽሮው ሊገነፍል ነው፣ ማን አለ እዚያ?» ዘፈኑ ተበላሸ። ሁለት ቀን አኮረፍኳት። ጓደኞቼ ካሴቱን «የሽሮው ዘፈን» ብለው ስም አወጡለት። እኔም ሌላ ካሴት መግዣ ስላልነበረኝ አልጣልኩትም።

ካሴቱን ከአልጋ ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ አገኘነው። ቴፕ ከጎረቤት ተዋስን። ገና ስንከፍተው ቴፑ ክሩን ዋጠው። የልጅ ልጄ አለቀለት ብላ ደነገጠች። እኔ ግን በሕይወቴ አንድ የማውቀው የሙዚቃ ሙያ ቢኖር ይኼ ነው፤ እስክሪብቶ አምጥቼ ክሩን ቀስ አድርጌ ጠቀለልኩት። ከዚያ የሚያንሿሿ ድምፅ፣ ከዚያ ጥላሁን፣ ከዚያ እናቴ።

«ኧረ ልጆች!»

ልጅቷ እጄን ያዘችኝ። «እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ድገመው።»

ደገምነው። እንደገና ደገምነው። ስንቱን ዘመን ያበላሸችው የመሰለኝን ዘፈን ስትናገር የሰማንበትን ቦታ ብቻ እየፈለግን፣ የዘፈኖቹን ንጉሥ ሽሮ እስኪገነፍል አስጠበቅነው። ልጅቷ በስልኳ ቀዳችው። ቲክቶክ ላይ ልትለጥፈው መስሎኝ ነበር፤ አልለጠፈችውም። ውጭ አገር ላለው አጎቷ ብቻ ላከችለት። ማታ መጥታ «አባባ፣ ሦስት ቪው ሆነ» አለችኝ፤ እሷ፣ እኔና አጎቷ መሆናችን ነው። ባለቤቴ ከማጀት ሆና «አራት በሉት፤ እኔም እዚህ ሆኜ ሰምቻለሁ» አለች። ድምጿ የእናቴን ያህል ነው የተሰማው።

አሁን በቤታችን ስምምነት አለ። እሑድ ቡና ላይ አንድ ዘፈን እኔ፣ አንድ ዘፈን እሷ እናመጣለን፤ በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን ሁላችንም በምንሰማው። የፊታችን እሑድ ተራው የእሷ ነው፤ የሮፍናንን ዘፈን ይዛ እንደምትመጣ ነግራኛለች። ቅድመ ሁኔታዋ «ዘፈንማ ድሮ ቀረ» የሚል ቃል ከአፌ እንዳይወጣ ነው። የእኔ ቅድመ ሁኔታ ግጥሙን፣ ዜማውንና ቅንብሩን ማን እንደሠራ አጣርታ እንድትመጣ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ሦስተኛ ጨምራበታለች፤ እኔ እስክስታ እንዳልሞክር።