ሸራው የተጠቀለለ ጀልባ

‹‹ያላዩት አገር አይናፍቅም›› ይላል የአገራችን ሰው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ይናፍቀኛል። ለዚህም ነው ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን ‹‹ስለ አንድ የቱሪስት ስፍራ የጉዞ ጽሑፍ አዘጋጁ›› ሲሉን ሳላመነታ የቱርክን ደቡብ ምዕራብ የባሕር ዳርቻ የመረጥኩት። ከቦድሩም ከተማ ተነስቶ፣ ጉሌት በሚባለው ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ ላይ እያደሩ፣ በየወደቡ እየወረዱ መጓዝ! ቱርኮቹ ‹‹ሰማያዊ ጉዞ›› ይሉታል።

ጻፍኩ። ‹‹ምድራዊ ገነት›› የሚለው ቃል ብቻ ሦስት ቦታ ነበረበት። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ‹‹ይሄ ማስታወቂያ ነው። ሰው የት አለ?›› ተብሎ ተጽፎበታል። ሳምንቱን ሙሉ ስናደድ ከረምኩ። ከዚያ ላይብረሪ ገብቼ ሰው ፍለጋ ጀመርኩ።

ታዲያ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? የእኛኑ ሙያ ሰው! ጄቫት ሻኪር ካባአጋችሊ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1925 ስለከዱ ወታደሮች በመጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ተከሶ የሦስት ዓመት ግዞት ተፈረደበት። የተጋዘው ወዴት መሰላችሁ? ወደ ቦድሩም! ያኔ ቦድሩም ዓሣ አጥማጆችና ከባሕር ስር ስፖንጅ የሚያወጡ ጠላቂዎች የሚኖሩባት ጭር ያለች ስፍራ ነበረች። ሰውየው ግን ወደዳት። ቅጣቱ ካበቃ በኋላም ተመልሶ ለብዙ ዓመታት ኖረባት። ሄሮዶቱስ የተወለደባት ሃሊካርናሱስ የዛሬዋ ቦድሩም ናትና፣ ‹‹የሃሊካርናሱስ ዓሣ አጥማጅ›› በሚል የብዕር ስም ስለ ባሕር ሠራተኞች ጻፈ። በ1940ዎቹ ደግሞ ጸሐፊ ጓደኞቹን በስፖንጅ ጠላቂዎች ጀልባ አሳፍሮ በጎኮቫ ባሕረ ሰላጤ ይዟቸው ይዞር ጀመር። በኋላ ከተጓዦቹ አንዷ የሆነችው አዝራ ኤርሃት በ1962 ‹‹ሰማያዊ ጉዞ›› የሚል መጽሐፍ አሳተመች።

ከዚያማ ጽሑፉ እንግዳ ጠራ፤ እንግዳው ሆቴል ጠራ። በ1997 አውሮፕላን ማረፊያ ተከፈተ። ዛሬ ኮረብታዎቹ በነጫጭ ቪላዎች ተሞልተዋል። አብዛኛው ጉሌት ደግሞ ሸራውን ጠቅልሎ በሞተር ነው የሚሄደው፤ ንፋስ የቱሪስት ፕሮግራም አያከብርማ! በ2021 ክረምት የደን ቃጠሎው ቁልቁል ወደ ባሕሩ ሲወርድ፣ ሰዎች ከዳርቻው በጀልባ እየተጫኑ ወጡ። ይሄ ሁሉ እኔ በጻፍኩት ‹‹ገነት›› ውስጥ የለም።

አንዳንድ የክፍላችን ልጆች ‹‹ቱሪዝም ከከባድ ዜና የሚሸሹ ሰዎች መጠለያ ነው›› ይላሉ። እኔ በበኩሌ አልቀበለውም። ጄቫት ሻኪር ስለ ወታደሮቹ ሲጽፍም፣ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ገብተው ሽባ ሆነው ስለሚወጡት ጠላቂዎች ሲጽፍም ዓይኑ ያው ነው፤ ሌላው አልፎት የሚሄደውን ሰው የሚያይ ዓይን።

‹‹ታዲያ ቦታውን ለሆቴል ያጋለጠው እሱ ራሱ አይደለም ወይ?›› የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔንም ያስጨንቀኛል። ብዕር መንገድ ይከፍታል፤ በመንገዱ ማን እንደሚመጣ ግን መምረጥ አይችልም። ግን መፍትሔው አለመጻፍ ነው? አይመስለኝም። እኛ ዝም ብንልም ማስታወቂያው ዝም አይልም። ስለዚህ የጉዞ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ስለ ሌላ ሰው ቤት እየጻፈ መሆኑን ማወቅ አለበት። ጀልባውን ማን ሠራው? ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለው ልጅ ስንት ይከፈለዋል? ሸራው ለምን ተጠቀለለ? እነዚህን ሳይጠይቁ ስለ ውኃው ሰማያዊነት ብቻ መጻፍ የሆቴል ብሮሹር መገልበጥ ነው። ብሮሹር ለመገልበጥ ደግሞ ጋዜጠኝነት መማር አያስፈልግም።

ጽሑፌን እንደገና ጽፌ ለመምህሬ ሰጠኋቸው። ማርክ አልጨመሩልኝም፤ ውጤት ገብቶ አልቋል አሉኝ። ግን አንብበው ሲጨርሱ ‹‹አሁን ሰው አየሁ›› ብለውኛል። እኔም ባሕሩን እስካየው ድረስ ለጊዜው ይበቃኛል።

ቸር እንሰንብት!