አድዋ በረሃ አይደለም፤ አስካሪዎቹም አይነሱም

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ፎቶግራፍ ነው። አውሮፓ ውስጥ በተካሄደ የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ ትርዒት ላይ የተነሳ ነው። ሰፊ ጠረጴዛ፣ በላዩ ላይ የጣት ቁመት እንኳ የማይሞሉ ወታደሮች፣ ከፊቱ «አድዋ 1896» የሚል ጽሑፍ። ደስ ብሎን አጉልተን አየነው። ደስታችን ወዲያው በነነ። መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ አሸዋ ነው። ሁለት ዘንባባ ተተክሎበታል። ተራራ የሚባል ነገር የለም። የእኛዎቹ እስከ ወገባቸው ራቁታቸውን ሆነው፣ ጦርና ጋሻ ይዘው ተግተልትለው ይሮጣሉ። የጣልያኖቹ ግን የኮታቸው ቁልፍ ሳይቀር አንድ በአንድ ተቀብቷል።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ተናደን ነው። የተናደድነው ግን በዚያ ጠረጴዛ ሠሪ ብቻ አይደለም። በራሳችን ሰፈርም ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ለማያውቁት ባጭሩ እንንገራቸው። ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የተቀረጹ፣ ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆኑ ወታደሮችን ገዝቶ፣ አጣብቆ፣ በቀጭን ብሩሽ ቀብቶ፣ በዳይስና በሜትር የሚያዋጋ ሰው በዓለም ላይ ሞልቷል። ከእነዚህ መካከል ጨዋታውን ትተው ጠረጴዛውን ለዕይታ ብቻ የሚሠሩ አሉ። ተራራውን፣ ወንዙን፣ የቤቱን ክዳን፣ የሞተውን በቅሎ ሳይቀር ይሠራሉ። ዳዮራማ የሚባለው ይህ ነው።

«ታዲያ የልጅ ጨዋታ አይደለም እንዴ? በዚህ ትናደዳላችሁ?» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ፕሩስያዊው ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1812 ለንጉሡ ያቀረበው ተገጣጣሚ የመሬት ሞዴል ያለው የጦርነት ጠረጴዛ የልጅ አልነበረም፤ በ1824 ልጁ ያሻሻለውን የፕሩስያ ጦር ለመኮንኖቹ ማሠልጠኛ አድርጎታል። ይህ ግን ዋናው መልሳችን አይደለም። ዋናው መልሳችን አንድ እንግሊዛዊ መቶ አለቃ ነው።

ዊልያም ሳይቦርን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1830 የእንግሊዝ ጦር አዛዥ የዋተርሉን ጦርነት በሞዴል እንዲሠራ አዘዘው። ሰውዬው ሥራውን የምሩን ያዘው። እዚያው ጦር ሜዳው ላይ፣ ውጊያ የተካሄደበት የላ ሄ ሳንት እርሻ ቤት ገብቶ ስምንት ወር ተቀመጠና መሬቱን ለካ። ከዚያ በሕይወት ላሉት መኮንኖች ደብዳቤ ጻፈ። «ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ጓዶችዎ የት ነበሩ? ከፊትዎ ማን ነበር? ማሳው ላይ ምን ተዘርቶ ነበር?» የሚል ዓይነት ጥያቄ ነው። መልሱ ከየአቅጣጫው ጎረፈለት። በ1833 መንግሥት ገንዘቡን ቢያቆምበትም በብድር ቀጠለ። በ1838 ለንደን ላይ ለሕዝብ የታየው ሞዴል ከ70 ሺህ በላይ ጥቃቅን ወታደሮች ነበሩበት።

ጣጣው የመጣው ከፕሩስያዎቹ ነው። ሳይቦርን ያሰባሰበው ማስረጃ፣ ቀውጢው ሰዓት ላይ የፕሩስያ ጦር ሜዳው ውስጥ ብዙ ሆኖ መድረሱን አሳየው። እሱም እንዳገኘው ሠራው። ይህ ድሉን የዌሊንግተን ብቻ አድርገው ለሚያወሩት ትልልቅ ሰዎች አልጣማቸውም። ጫና በጫና ሆነ። በመጨረሻ በዕዳ የተዘፈቀው ሰው እጅ ሰጠ፤ ብዙ የፕሩስያ ወታደሮችን ከሞዴሉ ላይ ነቅሎ አነሳ። በ1849 ሲሞት ገንዘቡን አላስመለሰም ነበር። ሞዴሉ ዛሬም ለንደን በሚገኘው የብሔራዊ ጦር ሙዚየም አለ።

እንግዲህ የጣት ጥፍር የሚያክል ቆርቆሮ የልጅ ጨዋታ ከሆነ፣ እነዚያ ሁሉ ጌቶች ለምን ተጨነቁ? የገባቸው ነገር ስላለ ነው። መጽሐፍ የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው፤ ጠረጴዛውን ግን ሁሉም ያየዋል። ያየውን ደግሞ «እንዲህ ነበር» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ወደ ቢጫው አሸዋ እንመለስ። አድዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር የሚደርስ ወይና ደጋ ነው። ዙሪያው የጥንት እሳተ ገሞራ ትቷቸው የሄዱ ሹል ሹል ተራሮች ናቸው። የካቲት መጨረሻ ሰብሉ ታጭዶ ሥሩ ብቻ ማሳው ላይ የቀረበት፣ ሳሩ የደረቀ፣ አፈሩ ቡናማና ቀላ ያለ፣ በየገደሉ ቁልቋል የቆመበት ወቅት ነው። ይህን ለማወቅ አድዋ መሄድ አያስፈልግም፤ ፎቶ ማየት ይበቃል። ግን «አፍሪካ» ሲባል እጃቸው ቀጥ ብሎ ወደ አሸዋው ቆርቆሮ ይሄዳል።

መሬቱ ጌጥ ቢሆን ኖሮ እንተወው ነበር። አድዋ ላይ ግን ጦርነቱ ራሱ መሬቱ ነው። የካቲት 22 ለ23 አጥቢያ 1888 ዓ.ም. ባራቲዬሪ ጦሩን በጨለማ ሲያንቀሳቅስ በእጁ የነበረው የመሬት ንድፍ የተሳሳተ ነበር። ጄኔራል አልቤርቶኔ በንድፉ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» የተባለው ኮረብታ ላይ ደረሰ። መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ብዙ ኪሎ ሜትር ወደፊት እንደሆነ ነገሩት። እሱም ወደዚያ ገሰገሰ፤ ከቀሪው ጦር ተነጥሎ ብቻውን ቀረ። ዳቦርሚዳ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባ። በመካከላቸው ሸንተረር ነው፤ አንዱ ሌላውን አያይም። የእኛ ሰዎች ያንን ክፍተት አይተው ገቡበት፤ ተራ በተራም መቷቸው።

አሁን ይህን ሁሉ ሜዳ ላይ አስቀምጡት። ምን ይታያል? ጥቂት ሥርዓት ያላቸው ነጮች በብዙ ጥቁር ጎርፍ ተዋጡ። ይኸው ነው። ከጦርነቱ በኋላ የተሸናፊው ማጽናኛ ይህ ነበር፤ ብዛት በላን። ብዛቱ እውነት ነው፤ ወደ 17 ሺህ ተኩል ለሚሆን ጦር መቶ ሺህ ገደማ ሰው ነበረን። ተራራውን የሚያነሳ ሠሪ ግን የአዛዦቻችንን ጭንቅላት አብሮ ያነሳል። የጣልያኑን ስህተትም እንዲሁ፤ ሜዳ ላይ ማን ይጠፋል?

በነገራችን ላይ ስለ ተጫዋቾቹ አንድ ነገር እንመን። ጨዋታ ሚዛን ይፈልጋል፤ አንዱ ወገን ሁልጊዜ የሚያሸንፍበት ጨዋታ አይሸጥም። ስለዚህ ቁጥር ቢቀንሱ፣ ቦታ ቢያጣብቡ አንፈርድም። አንድ ቅርጽ 20 ሰው ይወክላል ብንል እንኳ ለወገን ብቻ 5 ሺህ ቅርጽ መቀባት አለብን፤ ዕድሜ አይበቃም። ክርክራችን ለዕይታ በተሠራው ጠረጴዛ ላይ ነው። እሱ የሚያመጣጥነው ነገር የለውም።

ቅርጾቹም ራሳቸው ጉድ ናቸው። የአንዳችን አክስት ከውጭ ስትመጣ በሻንጣዋ ያመጣችልን አንድ እሽግ 24 «የሐበሻ ተዋጊዎች» ነበሩበት። 16ቱ ጦር የያዙ ናቸው። አድዋ ላይ ጦርና ጋሻ ነበር፤ አልካድንም። ግን አብዛኛው ሰው ጠመንጃ ነበረው፤ ውጅግራ ነበር፣ ሬሚንግተን ነበር፣ ከኋላም የሆችኪስ መድፍ ነበር። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጦር ስንቆርጥ፣ ከሽቦና ከፕላስቲክ ቁራጭ ጠመንጃ ስንሠራ ከረምን። ጣታችን በሱፐር ግሉ ተጣብቆ ብሩሽ መያዝ እስኪያቅተን ድረስ።

ደግሞ ነጩ! ሥራውን የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከቀለም ሁሉ አስቸጋሪው ነጭ ነው። ሸማን በነጭ ቀለም ብትቀባው ኖራ የተለሰነ ግንብ ይመስላል። የእኛ ሠራዊት ደግሞ ከእግር እስከ ራሱ ሸማ ነው። ብዙ ተበላሽቶብን የደረስንበት ዘዴ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ግራጫና ቡና የተቀላቀለበት፣ ከዚያ የክሬም ቀለም፣ እውነተኛው ነጭ ግን ትከሻና የእጥፋቱ ጫፍ ላይ ብቻ። ደግሞም ወር ሙሉ የተጓዘ ሰው ሸማ ነጭ አይሆንም። የጃኖውን ጥለት ባለ ሦስት ፀጉር ብሩሽ የምትስብልን ልጅ ትንፋሿን ይዛ ስትሠራ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይላል።

እኛ የሠራነው የጦርነቱን አንድ ጥግ ብቻ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ወርዱ ስልሳ ሳንቲ ሜትር፣ የአልቤርቶኔ ኮረብታ በማለዳው። ተራራው ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ፎም ነው። አፈሩ ግንባታ ቦታ ለምነን ያመጣነው፣ በወንፊት የነፋነው አሸዋ ነው፤ በኮላ ተጣብቆ፣ ቡናማ ተቀብቶ፣ በደረቅ ብሩሽ ቀላ ተደርጓል። ለታጨደው ማሳ የጤፍ ጭድ አድቅቀን ተከልን። ውጭ አገር ለዚህ ተብሎ ታሽጎ የሚሸጥ ሰው ሠራሽ ሣር አለ። የጤፍ ጭዱ ይበልጠዋል፤ ቸኩለን ሳይሆን አወዳድረን ነው የምንለው።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንግባ።

የሰፈር ሰው ሊያይ መጣ። አደነቀ፣ ሳቀ፣ ምኒልክ የት አሉ አለ። (እዚህ ጥግ ላይ የሉም፤ ይህም አስቀይሟል።) ከዚያ ሁሉም ዓይኑ ኮረብታው ላይ ያርፋል። «እነዚህ ቀይ ቆብ ያደረጉት ጥቁሮች እነማን ናቸው?» አስካሪዎች ናቸው። ከባራቲዬሪ ጦር ወደ ሰባት ሺህ የሚሆነው የአገሩ ልጅ ነበር፤ የአልቤርቶኔ ብርጌድ ደግሞ አብዛኛው እነሱ ናቸው። ይህን ስንል ፊት ይጠቁራል። አንድ ጓደኛችን «ባንዳ ለምን ይቀባል? ሁሉንም ጣልያን አድርጉትና ይገላገላል» አለን። አንድ የምናከብራቸው የጎረቤት አባት ደግሞ በቀስታ ወደ ጎን ወስደውን «ልጆቼ፣ እናንተ አልጠፋችሁም። ግን የውጭ ሰው ቢያይ ምን ይላል? እነዚህን አንሷቸው» አሉን።

እናምናለን፤ አነሳናቸው። ለአንድ ከሰዓት ብቻ። ከመካከላችን አንዱ፣ ሰውዬው ዘመዶቻቸውን ይዘው ሲመጡ እንዳይከፋቸው ብሎ፣ አስካሪዎቹን በጫማ ካርቶን ከተታቸው። ኮረብታው ላይ አምስት የጣልያን መኮንኖችና ሁለት መድፎች ቀሩ። የእኛዎቹ ሠላሳ ስድስት ጠመንጃዎች ደርድረው ባዶ ኮረብታ ላይ ይተኩሳሉ። ዘመዶቻቸው አንዱ «እዚያ ላይ ማን አለ?» ብሎ ጠየቀ። መልስ አልነበረንም። ሳይቦርንን ስናማ የከረምን ሰዎች መሆናችንን አስቡት።

ማታውኑ መለስናቸው።

አስካሪውን መቀባት አስካሪውን ማመስገን አይደለም። ከማን ቤት ወጥቶ ነው ቀይ ቆብ ያደረገው? ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ ከብቱንም ሰዉንም የጨረሰው ጦርነቱ ሊደርስ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው፤ ጣልያን ደግሞ ደመወዝ ይከፍል ነበር። ከድሉ በኋላ ብዙ መቶ የተማረኩ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ይህም አድዋ ነው። ቀይ ቆቡን ስናነሳ ይህ ሁሉ ጥያቄ ይነሳል፤ ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው «ነጭ መጣ፣ ተመታ፣ ሄደ» ብቻ ነው። ባህላዊ ሥዕላችን ወገንን ሙሉ ፊቱን፣ ጠላትን ግማሽ ፊቱን አድርጎ ይስላል፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለንም፣ ውዳሴ ነውና። መሬት ለክቶ፣ ጥለት ቆጥሮ፣ «እንዲህ ነበር» ብሎ የሚቀርብ ጠረጴዛ ግን ያንን ፈቃድ ከየት ያመጣል? በአሸዋ ቆርቆሮ የሳቅንበትን ፈረንጅ በጫማ ካርቶን ልንደግመው ነው?

ሥራው ገና አላለቀም። የማርያም ሸዊቶ ሸለቆ አሁንም ነጭ ፎም ነው። ስንቅ ተሸክመው፣ ውሃ ቀድተው፣ ቁስለኛ ያነሱት ሴቶች ቅርጽ በየትኛውም እሽግ ውስጥ አላገኘንም፤ ከሸክላ ጭቃ እየሞከርን ነው፣ እስካሁን አራቱ ተሰንጥቀውብናል። በቅሎ ላይ ስንቅ እንዴት ይጫን እንደነበር ከአያቱ የሰማ ሰው ቢመጣ ደስ ይለናል። አስካሪዎቹን አንሱ ሊለን የሚመጣም ይምጣ፤ ካርቶኑን እንሰጠዋለን፣ በገዛ እጁ ያንሳቸውና ጠመንጃዎቹ ወዴት እንደሚያነጣጥሩ አብረን እናያለን።