ትራክተሩ ከቀረጥ ነፃ ገባ፣ ጭሰኛው ባዶ እጁን ወጣ

«ሮቦት ግብር ይክፈል» ሲባል ብዙ ሰው ይስቃል። ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ ሲል ብዙዎች ተቃወሙት፤ የአውሮፓ ፓርላማም በዚያው ዓመት ሐሳቡን ውድቅ አደረገው። እኛ ዘንድ ደግሞ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ሮቦቱ የት አለና!»

ሮቦት ባናይ ትራክተር አይተናል። በ1960ዎቹ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) አርሲ ላይ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አስገባ። ስንዴ ሲያዋጣ ባለርስቱ ከቀረጥ ነፃ የገባ ትራክተር ገዛ፤ መሬቱን ሲያርስ የኖረውን ጭሰኛም «ልቀቅ» አለው። ጥፋቱ የትራክተሩ አልነበረም። ጥፋቱ መንግሥት ብረቱን ደግፎ ሰውየውን መርሳቱ ነበር። በየካቲት 1967 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ብዙ ጭሰኞች ቀድመው ተፈናቅለዋል።

ዛሬስ? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ምርታማነት ለማሳደግ አዲስ ቴክኖሎጂ ሲያስገባ ሠራተኛ እንዲቀንስ ይፈቅድለታል። ይፍቀድ፤ ማሽን መምጣቱ አይቀርም። ሒሳቡን ግን እዩት። ሰው የቀጠረ ድርጅት ለጡረታ 11 በመቶ ያዋጣል። ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ለጡረታ፣ እስከ 35 በመቶ ደግሞ ለሥራ ግብር ይቆረጣል። ማበረታቻ በተፈቀደለት ዘርፍ ማሽን የሚያስገባው ግን ቀረጥ አይከፍልም። ሰው መቅጠር ያስከፍላል፣ ሰው መተካት ያስሸልማል! የተሰናበተው ደግሞ ሕጉ የሚያዝለትን የአንድ ጊዜ ክፍያ ይዞ ይወጣል። ሌላ ሥራ እስኪያገኝ የሚያቆየው የሥራ አጥነት መድን አገራችን ውስጥ የለም።

«ግብር ባለሀብት ያባርራል» የሚሉ አሉ። ደቡብ ኮሪያ ከሠራተኞቿ ቁጥር አንጻር በሮቦት ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 ለአውቶሜሽን የምትሰጠውን የግብር ቅናሽ ለመቀነስ ወሰነች፤ ፋብሪካዎቿ ግን ጥለዋት አልሄዱም።

እኔ አዲስ ግብር ይጣል አላልኩም። የምለው ይህ ነው፦ አዲስ ሥራ የሚከፍት ማሽን እንደ ልማዱ ነፃ ይግባ። ያለውን ሠራተኛ አሰናብቶ ቦታውን የሚይዝ ማሽን ግን የቀረጡን ግማሽ ይክፈል። ገንዘቡም በጀት ውስጥ ገብቶ አይጥፋ፤ ራሱን በቻለ ሒሳብ ተቀምጦ ለተሰናባቹ ሥልጠናና ለጥቂት ወራት ቀለብ ይዋል።

ይህ ምጽዋት አይደለም። በነፃ የገባው ማሽን ቀረጡን የተማረው ከሕዝብ ካዝና ነው፤ ያንን ካዝና ደግሞ በየወሩ ከደመወዙ እየተቆረጠበት የሞላው ያው ሠራተኛ ነው። የራሱን መባረሪያ ከኪሱ እንዲከፍል ማድረግ ይብቃ።